ፍስክ የተባለው ካፕሱል

ባለፈው ሰሞን ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስነሳ ብሎኝ መናኸሪያው አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት ሄጄ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆመው ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ገበሬ ነበር፤ ከጃናሞራ በኩል የመጣ ይመስለኛል። የተሰጠውን ካፕሱል መዳፉ ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ «እቺ ነገር ግን ከምን ተሠራች?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «መድኃኒት ናት አባባ። ከምግብ በኋላ ይዋጧት» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ። ልጅቷ «ምነው እማማ?» ስትለኝ «ምንም አይደል፤ ጎበዝ ነሽ ብዬ ነው» አልኳት። የምሬን ነበር። እኔ በእሷ ዕድሜ ያንኑ ጥያቄ ስጠየቅ የመለስኩት መልስ አንድ አገር ሰው ሊጨርስብኝ ነበር።

ያኔ መንግሥት ተለውጦ አገሩ ገና ትንፋሹን የሚሰበስብበት ጊዜ ነበር። ከጎንደር ደባርቅ ያለውን መንገድ አስፋልት አልነካውም ነበር። አውቶቡሱ ዳባት ላይ ለሻይ ሲቆም ከላያችን የምናራግፈው አፈር አንድ መደብ ያስለስን ነበር። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳሩ ከታች ዘቅጦ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ። ሾፌሩ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው። አንደኛው ፊቷ ሲያልቅ እየገለበጠ፣ ቴፑ ሲጎትታት ደግሞ በእስክሪፕቶ እያጠነጠነ ስለሚያጫውታት፣ ደባርቅ እስክንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ዘፈኖቹን በቃሉ ይወጣቸው ነበር። እኔ በዚያ አውቶቡስ የመጣሁት ጎንደር ነርስነት ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ለመንግሥት ሠርቼ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ የጤና ኩባንያ ስለቀጠረኝ ነው። ስሙን አልጠራውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ጎንደር ሆኖ መድኃኒት ያስመጣል፣ ክሊኒክ ይከፍታል፣ ሠራተኛውም ብዙ ነው። ደባርቅ ላይ ሌላ ኩባንያ ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ «ኩባንያው» ብቻ ነበር የሚለው። ዛሬ ባለ ፎቅ ሆቴል የቆመበት፣ ወደ ፓርኩ የሚሄዱ ፈረንጆች ቁርስ የሚበሉበት ማዕዘን ላይ ነበር ክሊኒካችን፤ ባለ አምስት ክፍል፣ ጣሪያው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ።

ለትልቅ ድርጅት መሥራት ያኔ ምን ማለት እንደ ነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል። አረንጓዴ ሹራብ ሰጡን፣ ደረቱ ላይ የኩባንያው ምልክት የተጠለፈበት። ነጭ ጋዋን ሰጡን። ከሁሉ በላይ ፎቷችን የተለጠፈበት ባጅ ሰጡን። ያቺን ባጅ አንጠልጥዬ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ እንኳ መርቀው ይሰጡኝ ነበር። ጎንደር ፒያሳ በሰባ ብር የገዛሁት፣ እናቴን «ለእግር?» ያስባለ ጥቁር ጫማ ነበረኝ። ወር በገባ ቁጥር ጎንደር ወርጄ ካስክ ገብቼ ጸጉሬን እሠራለሁ፤ የደባርቅ ውርጭ ግን በሦስተኛው ቀን እንደ ታጠበ ጥጥ ያደርገዋል። ሹራቡም ቢሆን ለማማር እንጂ ለደባርቅ ብርድ የተሠራ አልነበረም። ከሥሩ የእናቴን የድሮ ሹራብ ደርቤ ነው የምለብሰው፤ ይህም በኩባንያው የአለባበስ መመሪያ የተከለከለ ነበር።

መመሪያ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለሁሉም ነገር መመሪያ ነበር። በር እንዴት እንደሚከፈት፣ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ታካሚ ሲገባ ምን እንደሚባል። ሪፖርቱ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይሞላል፤ አንዱ ለጎንደር፣ አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለእኛ። ታካሚ ሲገባ ፈገግ ብለን «እንኳን ደህና መጡ፣ በምን ልርዳዎት?» እንድንል ታዘን ነበር። አንድ የዳባት ሽማግሌ ይህን ስላቸው ክፉኛ ገረመሙኝና «ታምሜ ነዋ ልጄ! ጤና ያለው ሰው እናንተ ዘንድ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ይህንንም በቅጹ ላይ «የታካሚ አስተያየት» ከሚለው ሥር ጽፌ ላክሁት። የበላያችን አቶ ሰይፉ የሚባሉ የጎንደር ሱፐርቫይዘር ነበሩ፤ ከረባታቸው ሁልጊዜ የተስተካከለ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደብዳቤ ሲከፍቱ በሩን የሚዘጉ ሰው። በኩባንያ ውስጥ ሁሉም ከላዩ ያለውን ይፈራል። ከታች ያለነው እኛ ግን የምንፈራው ብዙ ሰው ስለነበረን አንዱንም በደንብ ሳንፈራ ቀረን።

በዚያ ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራሁ። አዳራሹ ምንጣፍ ነበረው፤ በጫማ ልርገጠው አልርገጠው ብዬ በር ላይ ቆሜ ያየኝ ሰው ስቋል። አሠልጣኙ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ በግድግዳ ላይ በሚበራ ምስል አሳየን። ክኒኑ ሲጠፈጠፍ፣ ካፕሱሉ ሲሞላ አየን። የካፕሱሉ ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ነገር እንደሚሠራ፣ ሆድ ውስጥ ሟሙቶ እንደሚጠፋ የነገሩን ያን ቀን ነው። በደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ስመለስ ምስክር ወረቀትና የኩባንያው ምልክት ያለበት ቦርሳ ይዤ ነበር። እንዴት እንደ ኮራሁ አትጠይቁኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ምልክቱን ወደ ሰው አዙሬ ነው።

ኩባንያው ስሙ እንዲጠራ ብሎ በሳምንት አንድ ቀን ገጠር ወጥተን በነፃ እንድናክም ያደርግ ነበር። የእኔ ድርሻ ጓሳ ሜዳ ነበረች፤ ከደባርቅ አንድ ሸለቆ ወርዶ አንድ ዳገት ወጥቶ የሁለት ሰዓት መንገድ። የመድኃኒቱን ሣጥን በበቅሎ ጭኖ የሚያደርሰኝ የክሊኒኩ ዘበኛ ጋሼ መኳንንት ነው፤ የድሮ ወታደር፣ መንገዱን ሁሉ ተረት የሚያወራ። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ጓሳ ሜዳ ተስቦ ገባ። በዚያ ብርድ ሰው ቡሉኮውን ተጋርቶ ስለሚተኛ ቅማሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ በሽታውም አብሮ። ደግነቱ መድኃኒቱ ነበረን። ቀይና ቢጫ ካፕሱል ነው፤ ሰባት ቀን ሳያቋርጡ ከዋጡት ተስቦን ድራሹን ያጠፋል። እኔም ከማርያም ደጅ ካለው ወይራ ሥር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ አድል ጀመር።

ወረፋ ከያዙት አንዲት ሴት ካፕሱሉን በጣቷ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ «እታለም፣ ይሄ ላስቲክ ሆዴ ውስጥ ተጣብቆ አይቀርም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ነርስ ቢሆን «አይቀርም» ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ሠልጥኜ መጥቼ! ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ላስቲክ አይደለም እትዬ። ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የተሠራ ነው፤ ሆድ ውስጥ እንደ ጨው ይሟሟል» አልኩ። ሰልፉ ጸጥ አለ። እኔ ጸጥታውን የወሰድኩት እንደ አድናቆት ነው። የሚገርመው እኔም ራሴ ጾመኛ ነበርኩ፤ ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ያልቀመስኩት በጾሙ ነው። ቢሆንም የከብት አጥንትና ሁዳዴ ጭንቅላቴ ውስጥ በሁለት የተለያየ ክፍል ስለሚኖሩ አልተገናኙልኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ለእኔ ነው።

በሳምንቱ ስንመለስ መንደሩ ሳንደርስ ገና ከዳገቱ ላይ አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ቀይና ቢጫ ፍርፋሪ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ ለሁለት የተከፈለ ባዶ የካፕሱል ልባስ ነው። ትንሽ አለፍ ስንል ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የመጀመሪያው ቤት ጓሮ ስንደርስ ደግሞ ዶሮዎች ተሰብስበው እየተሻሙ ይለቅሙታል። በቅሎዋን አስቆምኩና «ጋሼ መኳንንት፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። እሱ ዶሮዎቹን አይቶ እኔን አይቶ ሳቁን ለመደበቅ ሲታገል አፉን በጋቢው ያዘ።

«አንቺው ነሻ ሲስተር የሺ! አንቺው አይደለሽ ከበሬ ቆዳ ነው ያልሻቸው? ፍስክ ነው ብለው እየፈለቀቁ ዱቄቱን በውኃ እየጠጡት ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። እኔማ አዲስ አበባ ያስተማሩሽ አንድ ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዱቄቱ እንደ ሬት መራራ ነው፤ ጉሮሮ ይልጣል፣ ያስመልሳል። በየቤቱ እየገባሁ ጠየቅሁ። አንዱ ሁለት ቀን ጠጥቶ አስመልሶት ተወው። አንዷ በተልባ ለውሳ ሞከረች፤ ተልባውንም መድኃኒቱንም ተፋችው። አብዛኞቹ ደግሞ ጭራሹን አልነኩትም፤ ካፕሱሉን በወረቀት ጠቅልለው ለፋሲካ አስቀምጠውታል። ትኩሳቱ ግን ፋሲካን አይጠብቅም። «ለታመመ ሰው ይፈቀዳል እኮ!» ብዬ ስለምን ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ «የኔታም ታመዋል። እሳቸው አልወሰዱም» ይሉኛል።

የኔታ ጥበቡ የጓሳ ሜዳ ማርያም የዜማ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ እግራቸው ሥር ነው ፊደል የቆጠረው። ቤታቸው ስገባ በመደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ቀልቶ ከንፈራቸው ደርቋል። አምስተኛ ቀናቸው ነበር። ታላቅ እህታቸው እማሆይ ወለተ ማርያም ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትላሉ። የየኔታን ግንባር ስዳስሰው እጄን አቃጠለኝ።

«የኔታ፣ እባክዎ ይዋጡልኝ» አልኩ። «እርስዎ ካልዋጡ ማንም አይውጥም።»

«ለሕዝቡ ፈቅጃለሁ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «የታመመ ይውሰድ ብዬ በዲያቆኑ አስነግሬአለሁ። እኔን ግን ተዪኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ አፌ ያላወቀውን ነገር በመጨረሻዬ ሁዳዴ አላስነካውም።»

«መጨረሻዬ አይበሉ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ደግሞ አንቺው ነሽ እውነቱን የነገርሽን። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ሳናውቅ በበላን ነበር።»

አመሰገኑኝ እኮ! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሕዝቡ የሚከተለው የሚናገሩትን ሳይሆን የሚያደርጉትን እንደሆነ እሳቸው አላዩትም። እኔ ግን አየሁት። የኔታ ቢሞቱ ያችን መንደር ከተስቦ የሚያወጣት አንድም ሰው አይኖርም። እሳቸውም ቢሆኑ የሚሞቱት በእኔ አፍ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች እያየሁ ነበር።

ደባርቅ እንደ ገባሁ ስልክ ቤት ሄጄ ጎንደር ደወልኩ። ያኔ ስልክ ዛሬ እንደምናየው ከብብት ሥር አይወጣም። ተመዝግቦ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ «ጎንደር፣ ሁለት ቁጥር!» ተብሎ ሲጠራ ሮጦ ገብቶ፣ የውጭው ሰው ሁሉ እየሰማ መጮህ ነው። ለአቶ ሰይፉ ነገሩን ስጮህላቸው «ሲስተር፣ ይህን በስልክ አንነጋገር» አሉኝ። በማግሥቱ በኩባንያው መኪና መጡ። ከረባታቸው አቧራ ጠግቧል። ጋዋኔን ለብሼ፣ ባጄን አስተካክዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አሉኝ ቅጽ እያወጡ። «ተመሳሳዩ መድኃኒት በደረቅ ክኒን መልክ አለ። ጥያቄውን እኔ ለጎንደር አቀርባለሁ፤ ጎንደር ለአዲስ አበባ ያቀርባል፤ ከጸደቀ በኋላ ከመጋዘን ወጪ ይሆናል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ቢፈጥን ሦስት ሳምንት።»

«የኔታ ሦስት ቀን የላቸውም አቶ ሰይፉ!»

ሰውየው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ሐዘን ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ወዲያው ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። «ከዚህ በኋላ ስለ መድኃኒት አሠራር ለታካሚ ማብራራት ክልክል ነው፤ ይህ የዋናው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥራ ነው። ክኒኑ እስኪመጣም ወደ ጓሳ ሜዳ አትሂጂ። አንድ ሰው ቢሞት የኩባንያው ሹራብ እዚያ መታየት የለበትም።» እኔን ሳይሆን ሹራቡን ነው ያሉት። ብዙ ዓመት ለዚያ ኩባንያ ሠርቻለሁ፤ ደመወዜን ከፍሎኛል፣ እናቴን ያሳከምኩበት ነው፣ አልረግመውም። ቢሆንም ትልቅ ድርጅት ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያች አፍታ ነው። ክፉ አይደለም፤ ብቻ አንዲት ነፍስ ለማየት ከፍታው አይፈቅድለትም።

በማግሥቱ ሹራቡን አውልቄ ሰቀልኩት። ባጁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የእናቴን ሹራብ ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ካፕሱሉን በመሀረብ ቋጥሬ ለብቻዬ በእግሬ ጓሳ ሜዳ ወረድኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ንግግር በሙሉ የኔታ ቤት በር ላይ ጠፋብኝ። ገብቼ መደቡ ሥር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። እውነቱን ልናገር፤ እንደ ነርስ ሳይሆን ድስት እንደ ሰበረች ልጅ ነው የተንሰቀሰቅሁት።

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ባለፈው ጊዜ አንድም ቃል ያልተነፈሱት ሴትዮ ወደ ወንድማቸው ዞረው «አንተ ጥበቡ፣ ይቺን የሰው ልጅ ለምን ታስለቅሳታለህ?» አሉ።

«እኔ ምን አደረግሁ እማሆይ?» አሉ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምታነበው መጽሐፍ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከብራና።»

«ብራናውስ?»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከፍየል ቆዳ።»

«በሁዳዴ ጠዋት ማታ ስትስመው አላይህም? የማርያም ከበሮ ልባሱ የምን ነው? ጎመን ነው እንዴ?»

«መሳምና መምታት መብላት አይደለም እማሆይ።»

«መብላት አይደለም አልክ? ገጹን ስትገልጥ ጣትህን በምላስህ ታርሰው የለም? ገልጠህ መልሰህ ትልሰዋለህ። በሁዳዴም፣ በፍልሰታም፣ ጧት ቅዳሴ ሳይገባ! ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ ስንት ፍየል እንደ በላህ እመቤቴ ትቁጠረው። ዛሬ ለጥፍር የማትሞላ ቆዳ አንቃህ ልትሞትብኝ ነው?»

እማሆይ እንዝርታቸውን መልሰው አነሱ። ከዚያ የኔታ ደረት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ ብርድ አላቸው ብዬ ደንግጬ ተነሣሁ። ሳቅ ነበር። እየሳቁ ሳል ያዛቸው፣ እየሳሉ ሳቁ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። «ወይ አንቺ!» አሉ። «ስልሳ ዓመት መጽሐፍ አንብቤ ጥጥ ፈታይ ትርታኝ?» ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ወዲህ በያት እስቲ።»

ካፕሱሏን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ወደ በሩ ብርሃን አቅርበው ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ቀዩን ወገን፣ ቢጫውን ወገን። «ድጉስ ናት» አሉ በመጨረሻ። ድጉስ የሚሉት የመጽሐፉን የቆዳ ሽፋን ነው። «የሚነበበው ውስጡ ነው እንጂ ድጉሱን ማን ያነበዋል? ድጉስ የሌለው መጽሐፍ ግን ገጹ ተበታትኖ ይቀራል። እኒያም ዱቄቱን የጠጡት ያስመለሳቸው ለዚህ ነዋ!» ቢሆንም ወዲያው አልዋጧትም። ጾም የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንድንጠብቅ አደረጉን፤ በቀን የሚወሰደውንም ካፕሱል ወደ ማታ እንዳሸጋግርላቸው ለመኑኝ፤ እኔም እሺ አልኩ፤ የፈለጉትን ሁሉ እሺ እል ነበር። ጥላው መድረኩን ሲያልፍ አማትበው፣ ካፕሱሏን ምላሳቸው ላይ አድርገው በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጧት። እማሆይ ወጥተው አጥሩ ላይ ቆመው «ጥበቡ ዋጠ!» ብለው ሲጮኹ ከታች እስከ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ሰማ። ያን ማታ በመንደሩ በወረቀት ተጠቅልሎ ለፋሲካ የተቀመጠው ካፕሱል ሁሉ ተፈታ።

ለእማሆይ የሰባት ቀኑን ቆጥሬ፣ አወሳሰዱን በጣታቸው አስቆጥሬ ትቼላቸው ተመለስኩ። ስለ ኩባንያው ለመጨረስ ያህል፤ ያለ ፈቃድ በመሄዴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። በሦስት ቅጂ ነበር። ደረቁ ክኒንም ከአዲስ አበባ መጣ፤ የደረሰው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ካፕሱሉን ፍስክ ነው የሚል ሰው ባልነበረ ጊዜ።

ያንን ሁሉ ግን ያኔ አላውቅም ነበር። ያኔ የማውቀው የኔታ መድኃኒቱን ዘግይተው እንደ ጀመሩ ብቻ ነው። ሰባት ቀን የጨሰ ሰውነት ይመለስ አይመለስ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ሁለት ቀን ክሊኒክ ውዬ አደርኩ፤ የምጽፈውን አላውቅ፣ የምበላው አይጣፍጠኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወረድኩ። መንደሩ ከመታየቱ በፊት አንድ ጥምዝ አለ። ከዚያ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ለቅሶ ካለ ይሰማል። ቆምኩ። ለቅሶ የለም። ልቤ ትንሽ መለስ አለልኝ። ወደ የኔታ ቤት ስጠጋ ግን ከውስጥ የዲያቆኑ ድምፅ ወጣ፤ ዳዊት እየደገመ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ በማለዳ ከታማሚ ቤት ዳዊት ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። መግባትም አልቻልኩ፣ መመለስም አልቻልኩ።

«ዘለልከው!» አለ አንድ ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ። «ያንን ቃል ዘለልከው! ተኝቻለሁ ብለህ ነው? ከላይ ጀምር!»

እንዴት እንደ ገባሁ አላስታውስም። የኔታ አጎዛቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ አንገታቸው የዶሮ አንገት አክሏል፣ ግን ዓይናቸው ጠርቷል። ግንባራቸውን ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ርጥብና ቀዝቃዛ። ተንበርክኬ «ይፍቱኝ የኔታ» አልኩ።

«ምን አድርገሽ?»

«አፌ ነው ይህን ሁሉ ያመጣብዎ።»

«ዋሽተሻል?»

«ኧረ አልዋሸሁም።»

«ታዲያ ኃጢአቱ የታለ?» አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። እንደ ቅጠል ቀለለኝ። «ደግሞ ሌላ ጊዜም እውነቱን እንዳትደብቂን ልጄ። ብቻ ፋሲካ እስኪውል ጠብቂና ንገሪን።»

ዲያቆኑ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ ሳቀ፤ እማሆይም ሳቁ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ወደ ደባርቅ ስመለስ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ተቀምጬ የማርፍበትን ዳገት አንድ ጊዜ እንኳ ሳላርፍ ወጣሁት።